ይክፈት፣ አይክፈት

ቦንጋ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ሞታ፣ በወጉ ተለቅሶላት፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ የገባች ሴት አለች። አብርሆት ትባላለች። ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ከተደረደሩት ሱቆች በአንዱ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትተይባለች። ያን ሰሞን ወረቀት ሲያቀብላት ጣቷን ነካ አድርጎ ሙቀቷን የሚለካ ሰው አይጠፋም ነበር። «አንቺ ልጅ፣ አለሽ እንዴ?» ይሏታል። እሷም «አለሁ፣ ስንት ቅጂ ላድርግልዎ?» ትላለች። ስቃ ስታበቃ ግን ዐይኗ በመስኮቱ ያልፍና ጭጋጉ ውስጥ ይገባል፤ ባለጉዳዩ ጉሮሮውን እስኪጠርግ ድረስ አይመለስም።

የቦንጋን ጭጋግ ለማያውቅ ሰው መንገር ከባድ ነው። ጠዋት ከጫካው ይነሣና ቁልቁል ይወርዳል፤ እንሰቱን ይሸፍናል፣ ባጃጁን መብራቱ ብቻ እስኪቀር ይውጠዋል፣ ከዚያ ሊጠይቅ እንደመጣ ዘመድ በር ላይ ቆም ይላል። አብርሆት ከልጅነቷ ጀምሮ በዚህ ጭጋግ ውስጥ ስትሄድ የነቃች ትሁን የተኛች ለራሷም አይታወቃትም። እንግዲህ ዮናታን ፊልም ላይ ሙቺልኝ ያላት እንዲህ ያለችውን ሴት ነው።

ዮናታን ሠርግ ቀራጭ ነው። ሠርግ ሲቀርጽ ኖሮ ኖሮ ሙሽራ ሰለቸውና አስፈሪ ፊልም ልሥራ ብሎ ተነሣ። ጽሑፉን ሊያስተይብ አብርሆት ጋ መጣ። ታሪኩ አጭር ነው፤ አንዲት ልጅ ማንኪራ ጫካ ቡና ልትለቅም ገብታ ትሞታለች፣ ተለቅሶላት ከተቀበረች በኋላ ጭጋግ ለብሳ ትመለሳለች። የፊልሙም ስም «ጭጋግ ለባሿ» ነው። አብርሆት እየተየበች ስትሄድ ፊቷ ዐመድ እየመሰለ ሄደ፤ ዮናታንም ጽሑፉን ትቶ እሷን ያይ ጀመር። በነጋታው ከእሷ ሌላ ተዋናይ አልፈልግም ብሎ ድርቅ አለ።

ለለቅሶው ትዕይንት የሰፈሩን እድር ድንኳንና ጥሩምባ ተዋሱ። ጥሩምባ ነፊው ጋሽ ደምመላሽም አብረው መጡ፤ ጥሩምባው ያለ እሳቸው የትም አይሄድማ። ዮናታን ድምፁ በኋላ ስለሚገባ አፋቸው ላይ ብቻ እንዲይዙት ለመናቸው፤ እሺ አሉ። ሠላሳ ዓመት የነፋ ሳንባ ግን እሺ አይልም። ጊዜው ጎህ ሲቀድ ነው፤ ድንኳኑ ተተክሏል፤ ነጭ የተከናነበች ልጅ ተጋድማለች። ሰውዬው ፊልሙን ረሱትና ነፉት። ጥሩምባ የነፋ አፍ ደግሞ ስም ይጠራል። የፊልሟን ልጅ ስም ማን ያስታውሳል? የተጋደመችውን ያውቋታል፣ አባቷንም ያውቃሉ። «የአቶ ሣህሌ ልጅ አብርሆት ዐርፋለች!» እያሉ ሰፈሩን ዞሩት።

እድርተኛ ጥሩምባ ሰምቶ እንዴት ብሎ አይጠይቅም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ጢም አለ። ዮናታን ሊያስቆም እጁን አነሣ፤ በካሜራው ውስጥ ያየውን ሲያይ እጁ በዚያው ወረደ። ኃጢአት ነው የሠራው፤ በኋላ ራሱም አምኗል።

አብርሆት ከነጭ አቡጀዲ ሥር ሆና ብርሃኑ ወተት መስሎ ይገባላታል። ድምፅ ሁሉ ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ይመስላል። መጀመሪያ ዮናታን ይሄን ሁሉ ሰው ከየት አመጣው ብላ ገረማት። የልጅነት ሰፈሯ ጎረቤት እትዬ በዛወርቅ ደረታቸውን እየደቁ ደግነቷን ሲቆጥሩ ሰማች፤ ልጅ ሳለች ያጠፋችውን ጥፋት ሳይቀር እንደ ምግባር አድርገው አወጉላት። ሰው እንዲህ ይወደኝ ኖሯል እንዴ አለች በልቧ። ተንሳፈፈች። ከዚያ ከራስጌዋ፣ ዝቅ ያለ፣ የተሰበረ የወንድ ድምፅ መጣ።

«ጮራዬ፣ ጠጉርሽን እንግዲህ ማን ይሠራልሽ?»

በዚህ ዓለም ላይ ጮራዬ ብሎ የሚጠራት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አባቷ ጋሽ ሣህሌ። ሰባት ዓመት ያልሰማችው ድምፅ ነበር።

እናቷ የሞተችው አብርሆት አራት ዓመቷ ሳለ ነው። ጋሽ ሣህሌ ያኔ ቡና መጋዘን ሚዛን ላይ ይሠሩ ነበር፤ እንደገና ያግቡ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው ልጃቸውን በራሳቸው እጅ አሳደጉ። ጠጉር መሥራትም ተማሩ። ተማሩ ማለት እንግዲህ እንደ ነገሩ ነው፤ የሚያወጡላት ፈር በድንበር የተጣሉ ገበሬዎች ያረሱት ማሳ ይመስል ነበር። ገበያ ይዘዋት ሲወጡ ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ጋሽ ሣህሌ ግን ከእሁድ እሁድ ከጉልበታቸው መሀል አስቀምጠዋት፣ ቅቤ ቀብተው፣ እያንጎራጎሩ ይሠሯታል። አብርሆት በዚያ ጉልበት መሀል ያንቀላፋችውን እንቅልፍ ከዚያ ወዲህ ተኝታው አታውቅም።

አድጋ ኢሳያስ የሚባል የዋጫ ከተማ ልጅ ወደደች። አስተማሪ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ግን ጴንጤ ነው። እሷም በእሱ ጸሎት ቤት ገብታ ተጋቡ። ጋሽ ሣህሌ የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ሲለብስ ጣሪያ ላይ የወጡ ሰው ናቸው። ነገሩ ከአጥንታቸው ገባ። ሰው በተሰበሰበበት «ልጅ ነበረችኝ፤ ሞታለች» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሉ ተመልሶ የሚገባበት ጠፋ።

አብርሆት ወጉን አላጎደለችም። ሽማግሌ ላከች። ሽማግሎቹ ሄደው፣ ቁጭ ብለው፣ በጎ ነገር ተናግረው ባዷቸውን ተመለሱ። በዓመቱ ደገመች፤ ከዚያም ሠለሰች። በእያንዳንዱ ጊዜ እሷ ቤቷ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ኢሳያስ አንቺው ራስሽ ለምን አትሄጂም ይላታል። እሷ ደግሞ ሽማግሌ ያልቻለውን እኔ እችላለሁ ወይ ትላለች። እውነቱ ሌላ ነበር፤ በሩ ፊቷ ላይ ቢዘጋ ከዚያ በኋላ ቆማ የምትሄድ አልመሰላትም። ሽማግሌ ላይ ሲዘጋ ቢያንስ ከሩቅ ነው።

እናም ያን ጎህ ከአቡጀዲው ሥር ሆና መነሣት ነበረባት። አባባ አልሞትኩም ማለት ነበረባት። አልተነሣችም። ትንሽ ይጨምሩልኝ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጮራዬ ይበሉኝ ብላ ትንፋሿን ዋጠች። እሳቸውም ጨመሩላት፤ ደጋግመው ጠሯት። ለዚህ ነው እሷ ራሷን ይቅር ማለት ያቃታት። ሰው የአባቱን ለቅሶ እንደ ማር ይልሳል?

ዮናታን በመጨረሻ ኅሊናው ወቀሰው መሰለኝ ይቁም ብሎ ጮኸ፤ አብርሆትም ቁጭ አለች። የሆነውን አትጠይቁኝ። እትዬ በዛወርቅ አንድ ጫማቸውን ጥለው የሮጡት ሩጫ እስከ ዛሬ ይወራል። ጋሽ ሣህሌ ግን አልሮጡም። ቆመው አዩዋት። በፊታቸው ላይ መጀመሪያ አንድ ነገር ፈካ፤ ደስታ ነው፤ በዐይኗ አይታዋለች። ከዚያ ካሜራውን አዩ፣ የሚስቁትን የፊልሙን ወጣቶች አዩ፣ ያ የፈካው ነገር ጠፋ። ጃንጥላቸውን አንሥተው በጭጋጉ ውስጥ ሄዱ።

እድሩ ተሰብስቦ ጥሩምባውን ከጋሽ ደምመላሽ ለሦስት ወር ነጠቃቸው። ዮናታን ደግሞ ድንጋይ ተሸክሞ ሰፈሩን ይቅርታ ጠየቀ። ፊልሙ ግን አገር አዳረሰ። ከዋጫ ሳይቀር በሚኒባስ እየመጣ ያየው ሰው ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ በፊልም አይተን አናውቅም ይላል ሁሉም በአንድ አፍ። ከየት ያውቃሉ፤ ለቅሶው እኮ የምር ነው።

ዓመት ሳይሞላ ዮናታን ክፍል ሁለትን ይዞ መጣ። አብርሆት መጀመሪያ በጄ አላለችም። በኋላ አንድ ሐሳብ መጣባት፤ ለማንም አልተናገረችውም፣ ለኢሳያስም ቢሆን። እንደገና ከዚያ አቡጀዲ ሥር ብተኛ ያ ድምፅ ይመጣ ይሆን? ሞኝነት መሆኑን ታውቃለች። ግን ሕልም ያየበትን ትራስ ገልብጦ ደግሞ የሚተኛ ሰው የለም እንዴ? እሺ አለች።

ተኛች። በዚህኛው ሁሉም ፊልም መሆኑን ያውቃል። አልቃሾቹ ዐይናቸውን ሽንኩርት አስነክተዋል፤ ከራስጌዋ የተቀመጠችው ሴት «ወይኔ ልጄን» የምትለው ማስቲካ እያኘከች ነው። ብርሃኑ ያው ወተት መስሎ ገባ። አብርሆት ጠበቀች፣ ጠበቀች። ጮራዬ የሚላት አልመጣም። ከዚያ በኋላ ያለው የፊልሙ ታሪክ እንዲህ ነው፤ ልጅቱ ከጭጋጉ ወጥታ የአባቷን በር ሰባት ቀን ታንኳኳለች። አባቷ ከውስጥ ሆኖ ድምፅዋን ይሰማል፤ በሰባተኛው ቀን በሩን በምስማር ይመታዋል። እሷም ተመልሳ ጭጋጉ ውስጥ ትገባለች።

ፊልሙ በከተማው አዳራሽ መታየት በጀመረ በሳምንቱ ቦንጋ ለሁለት ተከፈለች። አባትየው መክፈት ነበረበት የሚሉ አሉ፤ እሰይ እንኳን አልከፈተ የሚሉ አሉ። መጀመሪያ ነገሩ የፊልም ነበር። ወጣቶቹ አንደኛው ፊልም ሳይሆን ለቅሶ ቤት ነው፣ አስፈሪ ማለት ሁለተኛው ነው አሉ። እናቶች ደግሞ ሁለተኛው አንጀት የለውም፣ አባትን አውሬ አደረገው አሉ። ቆይቶ ግን ክርክሩ መሥሪያ ቤት ገባ። ሰው ለስብሰባ ተጠርቶ በአጀንዳው ፈንታ የሞተች ልጅ ብታንኳኳ ትከፍታለህ ወይ ይባባላል። ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡ ሴቶች በአማርኛ የጀመሩትን ጠብ ሲጦፍ በካፊኖኖ ይጨርሱታል። ልዑልቃል የሚባል ባለባጃጅ የአይክፈት ባዮች አለቃ ሆነና ከባጃጁ ጀርባ በትልቁ «አይክፈት» ብሎ አስጻፈ። ይክፈት ባዮች በእሱ ባጃጅ አንሳፈርም ብለው ዳገቱን በእግራቸው ወጡት።

አብርሆት ይህን ሁሉ የምትሰማው ፎቶ ኮፒ እያነሣች ነው። ማሽኑ ብርሃኑን እያንሸራተተ ወረቀት ሲተፋ፣ ባለጉዳዮቹ ስለ በር ሲጨቃጨቁ፣ እሷን የሚያስጨንቃት ሌላ ነው። የእሷ አባት ይክፈት ባይ ናቸው ወይስ አይክፈት ባይ? ይህን ብታውቅ ሌላ አትፈልግም ነበር። እትዬ በዛወርቅን ጠየቀቻቸው። ጋሽ ሣህሌ ስለ ፊልም ሲነሣ ተነሥተው ይሄዳሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም አሏት።

ፊልሙ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ ነበር። ዮናታን ከፊልሙ በኋላ ተመልካች በማይክ አስተያየት ይሰጣል ብሎ አስነገረ። አብርሆትን ደግሞ መድረኩ ላይ ካለው ነጭ መጋረጃ ጀርባ ደበቃት። ነጭ ቀሚሱን ለብሳ፣ ጠጉሯን በትና፣ አስተያየቱ ሲያልቅ ድንገት ወጥታ ሰዉን እንድታስደነግጥ ነው። የመድረኩ መብራት በመጋረጃው አልፎ መጣባት፤ ያው ወተት፣ ያው ከወንዝ ማዶ የሚመጣ ድምፅ። አብርሆት እንደገና የሞተች መሰላት።

አዳራሹ ጦፈ። ልዑልቃል ማይኩን ይዞ ሙት ሙት ነው፣ በር ለሙት አይከፈትም አለ፤ ተጨበጨበለት። እትዬ በዛወርቅ ተነሥተው በአንደኛው ያለቀስነውን ለቅሶ ሁለተኛው መሳቂያ አደረገብን፣ ያን ቀን የጣልኩትን ጫማም የሚመልስልኝ አላገኘሁም አሉ፤ ለእሳቸው ደግሞ ይበልጥ ተጨበጨበ። ጋሽ ደምመላሽ በሁለተኛው ፊልም ላይ የሚሰማው ጥሩምባ የኮምፒዩተር ስለሆነ ሁለተኛውን ፊልም ብለው እንደማይቆጥሩት በቁጣ አስታወቁ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ሰው እጅ አወጣ መሰለኝ ጉርምርምታው ዝም አለ። ጃንጥላ መሬቱን ጠቅ ጠቅ ሲያደርገው ተሰማ። አብርሆት ድምፁ ከመምጣቱ በፊት ዐወቀችው።

«እኔ ፊልም አላውቅም» አሉ ጋሽ ሣህሌ። «አንደኛውን አላየሁትም፤ ውስጡ ግን አለሁበት ይሉኛል።»

የሳቁ ነበሩ። ሳቃቸው ግን ቶሎ ሞተ።

«ይከፍታል፣ አይከፍትም ትላላችሁ። እኔ ዘግቼ ዐውቃለሁ። ልጄ ሞታለች ብዬ በዚህ አፌ ተናግሬያለሁ። የዚያን ቀን ጥሩምባውን ስሰማ የረገምኩት ይሄንኑ አፌን ነው። ግን ይቺ የፊልሟ ልጅ ሞታ እንኳ በእግሯ መጣች፣ ሰባት ቀን አንኳኳች። የእኔዋ በሕይወት እያለች አንድ ቀን አላንኳኳችም። ሽማግሌ ላከችብኝ። ሽማግሌ የሚላከው ለባዕድ ነው፤ ልጅ በእግሯ ነው የምትመጣው። ስለዚህ እኔ ሁለተኛው ይሻላል ባይ ነኝ።»

ማይኩን መልሰው ሲሰጡ ይሰማል። ማንም አላጨበጨበም።

አብርሆት መጋረጃውን በእጇ ያዘችው። አንድ እርምጃ ብትራመድ አባቷ ፊት ናት። ግን እንዲህ፣ በዚህ ልብስ፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ሁለተኛ ልታሳፍራቸው? ደግሞስ እሳቸው ያሉት «በመጋረጃ ውጪ» አይደለም። «አንኳኪ» ነው ያሉት። በጓሮው በር ወጣች። ዮናታን ምልክት ሲሰጥ መጋረጃው ዝም አለ፤ ሰዉ የደነገጠው ምንም ባለመውጣቱ ነው ይባላል።

ውጭ ያካፋል፤ ጭጋጉ መንገዱ ላይ ተኝቷል። የመጣላት ባጃጅ የልዑልቃል ነው፤ ማይኩን እንዳስረከበ ለሥራ ወጥቶ ነበር። በነጭ ቀሚስ፣ ጠጉሯን በትና ከጭጋጉ ውስጥ እጇን ስታነሣለት አማተበ፤ አልፏት ሊሄድም ቃጥቶት ነበር። በኋላ አብርሆት መሆኗን ለየና የት ላድርስሽ አለ። አባቴ ቤት አለችው። ልዑልቃል ሌላ አልጠየቃትም። «አይክፈት» የተጻፈበት ባጃጅ አብርሆትን ይዞ ወደ አባቷ በር ተንደረደረ።

የግቢው በር ያው የድሮው ቆርቆሮ ነው። አብርሆት ቤቱ ባዶ መሆኑን ታውቃለች፤ ባለቤቱ ገና ከአዳራሹ እየመጡ ነው። ቢሆንም አንኳኳች። ቆርቆሮው ጮኸ። ደግማ አንኳኳች። ያን ሁሉ ዓመት እግሯ የፈራው በር ይሄው ነው፤ ሲነኩት ዝናብ ያቀዘቀዘው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ማልቀስ ጀመረች፣ እያለቀሰች ታንኳኳለች፣ ሳታንኳኳ የቀረችውን ሁሉ ታንኳኳለች። የሰፈሩ ውሻ መጥቶ ቆሞ አያት። ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ከኋላዋ ጃንጥላ ድንጋዩን ጠቅ ጠቅ እያደረገ መጣና ቆመ።

«ማነው?» አሉ ጋሽ ሣህሌ ከኋላዋ።

አልዞረችም። ፊቷ ወደ በሩ እንደሆነ «እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች።

ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። ቁልፉ ቀዳዳውን ደጋግሞ ሳተ፤ አብርሆት በእጃቸው ላይ እጇን አድርጋ አብረው ከፈቱት። ጋሽ ሣህሌ በሩን ወለል አድርገው፣ ጃንጥላውን ከራሷ በላይ ያዙላት። ትከሻዋ ላይ ተበትኖ ዝናብ የመታውን ጠጉሯን አዩት፤ ብዙ አዩት።

«ግቢ» አሉ። «ነይ ይሄን ጠጉርሽን እንሥራው።»